የካባው ቀኝ ጎን

ሰው መጥቶ «ኮምፒውተራችን በራሱ ይንቀሳቀሳል» ቢለኝ መጀመሪያ ከአፌ የሚወጣው «አጥፍታችሁ አብርታችሁታል?» የሚለው ነው፣ ከዚያ ገመዱን አያለሁ፣ ከዚያ ማውዙን፣ አብዛኛውን ጊዜም እዚያው ላይ ያልቃል፣ ወይ ቫይረስ ነው፣ ወይ ልጅ ነካክቶታል፣ ወይ ደግሞ አይጥ ገመዱን በልታዋለች። ሥራዬ ነዋ! ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ስሜ ባንቻምላክ ነው፣ የሚያውቁኝ ባንቺ ይሉኛል፣ እናም እመኑኝ፣ ስለ መንፈስ ስለ ምናምን ሲወራ ቀድማ የምትስቀው እኔ ነኝ። ይኼን የምነግራችሁንም ሌላ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እስቅበት ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ የሚወራው የሌሊት ሆኖ ነው አይደል፣ መብራት ሲጠፋ፣ ጅብ ሲጮህ፣ ሰው ብቻውን ሲሆን። የእኔ ግን በቀን ነው የሆነው፣ ያውም በገበያ ቀን፣ ቁይ መሀል ከተማ፣ ከመስኮቱ ውጭ አህያ እያናፋ፣ ዝናብ ያባረረው ገበያተኛ በረንዳው ላይ ተጠልሎ እየተሳሳቀ። ለዚህ ነው ነገሩ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ የምፈራበት ምንም ምክንያት አልነበረኝም።

ቁይ የተወለድኩበት ነው። ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት የጋሽ ኑሩ የጥልፍ ቤት አለ። ጋሽ ኑሩን ያን አካባቢ የማያውቅ የለም ነበር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን ሲድር ካባ ለማስጠለፍ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። መነጽራቸውን በጥቁር ክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፣ ከማሽኑ ጋር እንደ ሰው ያወራሉ፣ «እስቲ ቀስ፣ ምን አስቸኮለሽ፣ ሙሽራዋ አልሸሸች» ይሏታል። ኮምፒውተር የሚባል ነገር መጀመሪያ ያየሁት እሳቸው ቤት ነው። የጥልፍ ማሽኑን የሚያዝ አሮጌ ኮምፒውተር ነበራቸው፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ቆሜ ሳይ አንድ ቀን ጠሩኝና እጄን ይዘው ማውዙ ላይ አስቀመጡት፣ «አትፍሪው፣ አይነክስም» አሉኝ። እኔ የዛሬዋ እኔ የሆንኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ገና ሰባተኛ ክፍል ሳልደርስ «ኢንጂነሯ» ነበር የሚሉኝ፣ ባየኋቸው ቁጥር፣ በሰው ፊት።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የካባው ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ግራው የሙሽራዋ ቤት ነው፣ ቀኙ የሙሽራው ቤት። ሁለቱንም ወገን ያስቀምጡና «እናንተ ቤት ምን ትሠራላችሁ? ምን ትወዳላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሸማኔ ልጅ ከሆነ መወርወሪያ ያስገቡለታል፣ የሾፌር ልጅ ከሆነ የጎማ ዱካ፣ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታወቅ አይምሰላችሁ፣ ካልተነገረህ ሐረግ ነው የሚመስልህ፣ ሲነገርህ ደግሞ ሌላ ነገር ማየት አትችልም።

ሲታመሙ፣ ገና ያኔ ልጃቸውን ሐያትን ማንም ሳይጠይቃት፣ የሐያትን ካባ ኮምፒውተሩ ላይ መንደፍ ጀመሩ። ግራውን ጨረሱት። እትዬ ዘይነባ፣ ሚስታቸው፣ «ቀኙንስ?» ሲሏቸው «ሰውየው ይምጣና፤ እኔ ለማላውቀው ሰው አልነድፍም» ብለው ሳቁ አሉ። ሰውየው ሳይመጣ እሳቸው ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው፣ እንዲህ ያለ ደግ ሰው አላየሁም።

ከዓመት በኋላ ሐያት ታጨች። ከማል ይባላል፣ የደብረ ወርቅ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ሐያት ስልክ ደወለችልኝና «ባንችዬ፣ የአባዬን ካባ ነው የምለብሰው፣ ቀኙ ባዶም ቢሆን እለብሰዋለሁ፣ አውጪልኝ» አለችኝ። ግራውን ገልብጠን ቀኙ ላይ እናድርገው ብላት አኮረፈችኝ፣ «አባዬ ግራና ቀኙን አንድ ዓይነት አድርጎ ያውቃል? ባዶው ይሻለኛል» አለች።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። ከሳቸው በኋላ የነካው አልነበረም፣ ሳበራው የሃርድ ዲስኩ ድምፅ ጥርስ ማፋጨት ይመስላል፣ የጥልፍ ፕሮግራሙ ደግሞ የድሮ ስለሆነ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አልነሳም አለ። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን ይዤ ማርቆስ ሄድኩ፣ ውስጡ ያለውን እንዳለ ቀዳሁት፣ ቅጂውንም ሁለት ቦታ አስቀመጥኩ፣ አንዱን ላፕቶፔ ላይ፣ ሌላውን ለክፉ ቀን ብዬ መሳቢያዬ ውስጥ። ደግ አደረግኩ፣ ምክንያቱም ዋናው ዲስክ ቀድቼ እንደጨረስኩ አንዴ ጮኸና እስከወዲያኛው ዝም አለ። ከዚያ ላፕቶፔ ላይ ካለው ቅጂ ቨርቹዋል ማሽን ሠራሁ። ይኼ ማለት፣ ለማታውቁት፣ በኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው፣ ብረት የለው፣ ስክሪን የለው፣ በአንድ መስኮት ውስጥ ይነሳል፣ እሱ ግን ራሱን እንደ ሙሉ ኮምፒውተር ነው የሚቆጥረው። ለእትዬ ዘይነባ በስልክ እንዲህ ብዬ ሳስረዳቸው «አካሉን ትተሽ ነፍሱን ይዘሽ ሄድሽ በይኛ!» አሉኝ፣ ሁለታችንም ሳቅን።

ማሽኑ ተነሳ፣ ግን ስክሪኑ ጥቁር ነው። ማርቆስ ላይ ያን ሳምንት መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነበር የሰነበተው፣ የሠርጉ ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው፣ ካባው በማሽን ለመጠለፍ ብቻ ቀናት ይፈልጋል፣ እንግዲህ እዚያው ሄጄ ከጥልፍ ማሽኑ ጋር አገናኝቼ እጨርሰዋለሁ ብዬ ላፕቶፔን አንጠልጥዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ክረምት ነበር፣ መንገዱ ጭቃ፣ ጉሙ ደግሞ እስከ መስኮቱ የወረደ።

እትዬ ዘይነባ በር ላይ ተቀበሉኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ «ከስተሻል» አሉኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሐያት የአባቷን ወንበር አወጣችልኝ። የጥልፍ ማሽኑ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ከላዩ ላይ ተቀምጧል፣ ይኼን ልብ በሉልኝ፣ ሶኬት ላይ አልተሰካም ነበር።

ሥራዬን ጀመርኩ። ቨርቹዋል ማሽን ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን የሚደረገው ይታወቃል። የተሰጠው የቪዲዮ ሜሞሪ አንሶት ከሆነ ትጨምሪለታለሽ፣ ያኛው የድሮ ሲስተም የማያውቀው የግራፊክስ ካርድ ከተሰጠው ወደሚያውቀው ትቀይሪለታለሽ። ቀየርኩለት፣ አስነሳሁት፣ ጥቁሩ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፣ ጥቂት ቆየና ስክሪኑ መጣ፣ ግን እንዴት ያለ ስክሪን መሰላችሁ፣ መዳፍ የምታህል፣ ቀለሟ የነተበ፣ ፊደሉ ሁሉ የተጨፈለቀ። ያም ሆኖ ከኋላ ያለው ፎቶ ታወቀ፣ ጋሽ ኑሩ ጓሯቸው ያበቀሉት ቀይ ጽጌረዳ ነው፣ በገዛ ስልካቸው ያነሱት፣ ግማሹ በጣታቸው ጥላ የተሸፈነ።

«ወይኔ ኑሩ!» አሉ እትዬ ዘይነባ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። «ጣቱ ነው እኮ! ስንቴ አንሳው ብዬዋለሁ።»

ሐያት እናቷን አቀፈቻቸው። እኔ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ስክሪኑ የጠበበው ድራይቨር፣ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ስለሌለው ነው፣ ጫንኩለት፣ እንደገና አስነሳሁት፣ መስኮቱ ሰፋ፣ ቀለሙ ተመለሰ፣ ጽጌረዳው ደመቀ። በረንዳ ላይ የተጠለሉት ሰዎች እንኳ በመስኮቱ አጮልቀው ያዩ ነበር። የጥልፍ ፕሮግራሙን ከፈትኩት፣ የሐያት ካባ ወጣ።

ግራው እንዴት ያምራል መሰላችሁ! መርፌ በመርፌ ላይ ተጋድሞ፣ ከየመርፌው ቀዳዳ ክር እየወጣ፣ ክሩ ሐረግ እየሆነ ወደ አንገት ይወጣል። የእሳቸው ቤት ነዋ፣ የጠላፊ ቤት። ቀኙ ደግሞ እንደተባለው ባዶ ነው፣ ግራጫ፣ ምንም የለበትም።

ከዚያ ነው የጀመረው።

መጀመሪያ የማውዙ ቀስት ናት። እጄን አንስቼ ላብ ስጠርግ በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ቀስት ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ቆመች፣ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አለች፣ ደግሞ ሄደች። አልደነገጥኩም፣ እውነቴን ነው፣ ይኼ ያለ ነገር ነው፣ በላፕቶፑና በውስጠኛው ማሽን መካከል ማውዙ በደንብ ካልተግባባ ቀስቷ ትንሸራተታለች። ማውዙን ነቀልኩት፣ የላፕቶፑን መዳሰሻም ዘጋሁት። ቀስቷ አሁንም ትሄዳለች፣ ቆም ትላለች፣ መለስ ትላለች። አካሄዷ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አሻግሮ የሚያይ ሰው ይመስል ነበር ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ፣ ሳቁ፣ እኔም ያኔ ራሴ ላይ ሳቅሁ።

«ምንድን ነው?» አለችኝ ሐያት።

«ምንም አይደል፣ ማውዙ ነው» አልኳት።

ቀጥሎ ባዶው ቀኝ ጎን ላይ ነጠብጣብ ይታይ ጀመር። እዚህም እዚያም ጥቃቅን ነጣ ያሉ ቢጫ ነጥቦች፣ ስክሪኑ ራሱን ባደሰ ቁጥር ይጨምራሉ። ይኼም የታወቀ በሽታ ነው፣ ግራፊክሱ ሲታመም ስክሪን ላይ ቆሻሻ ይበትናል። በኪቦርዱ መስኮቱን አሳነስኩት፣ መልሼ አሰፋሁት፣ ነጥቦቹ በዙ። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት፣ በዙ። አሁን ነጥብ ብቻ አይደሉም፣ አንዳንዶቹ ተያይዘው አጫጭር መስመር ሆነዋል፣ መስመሩም ይታጠፋል። እኔ ለማጥፋት ነው የምታገለው፣ ልብ በሉ፣ የልጅቷን ካባ ቆሻሻ ሊያበላሽብኝ ነው ብዬ ልቤ ተጨንቋል፣ እነዚህ ነጥቦች ወደ ጥልፍ ማሽኑ ቢሄዱ ጨርቁ ላይ ነው የሚወጉት።

እዚህ ላይ ከጥጉ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሁላችንም ዞርን። የጥልፍ ማሽኑ ጨርቁን እንደለበሰ ነው። ሐያት ሄዳ ጨርቁን ገለጠችው፣ መርፌው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተተክሏል። ገመዱ፣ እንዳልኳችሁ፣ ከላዩ ላይ ተጠቅልሎ ነው ያለው። ሐያት ወደ እናቷ አየች፣ እትዬ ዘይነባ ግን አልደነገጡም፣ እንዲያውም ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ያዙና «ያረጀ ዕቃ ነው፣ ስፕሪንጉ ይለቃል» አሉ፣ አባባላቸው ግን ልጅን የሚያባብል ሰው ዓይነት ነበር፣ የሚያባብሉት እኛን ይሁን ሌላ ሰው አላውቅም።

እኔ አንድ የቀረችኝ ነገር ነበረች። የሶስት ዳይሜንሽን ማፋጠኛ የሚባል፣ የስክሪኑን ሥዕል የሚያፈጥን ምርጫ አለ፣ አዳዲስ ማሽን ላይ ጥሩ ነው፣ የድሮ ፕሮግራም ግን ያሳብዳል፣ እንዲህ ያለ የስክሪን ቆሻሻ ሁሉ ዘጠና ዘጠኝ እጁ ከእሱ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑን አጠፋሁት፣ ምርጫውን ዘጋሁት። አጥፍቼ ሳለሁ ግን የማሽኖቹ ስም በሚደረደርበት በኩል ያለችውን ትንሽ ማሳያ አየሁ፣ የውስጠኛው ስክሪን የሚታይባት ናት፣ ማሽኑ ሲጠፋ ባዶ መሆን ነበረባት። ባዶ አልነበረችም። የካባውን ቀኝ ጎን ታሳያለች፣ ደቃቅ ሆኖ፣ ቢጫ መስመሩም ይንቀሳቀሳል። በርቀት መርፌ ሲሠራ የምታዩ ዓይነት ነው፣ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ። ጠፍቶ! ማርያምን እላችኋለሁ፣ «ጠፍቷል» የሚለው ጽሑፍ አጠገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየኝ።

ለእነሱ አልነገርኳቸውም። አበራሁት።

ጽጌረዳው መጣ። ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ስክሪኑ ጠርቷል፣ መንቀጥቀጥ የለ፣ ቆሻሻ የለ፣ ቀለሙ እንደ መስተዋት። ነጥቦቹ ግን አልጠፉም፣ ይልቅ ተገጣጠሙ። ቀኝ ጎኑ ከታች እስከ ትከሻ ድረስ ሞልቷል፣ ስድስት ማዕዘን ያላቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ አንዱ ከአንዱ ጎን ለጎን ተጣብቆ፣ አንዳንዱ ሞልቶ፣ አንዳንዱ ባዶ፣ ከግራው የመጣው ክር ደግሞ አንገት ላይ ይሻገርና በመካከላቸው እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የተናገረችው ሐያት ናት።

«የማር እንጀራ» አለች። ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። «የማር እንጀራ ነው ይኼ። እማ! የከማል አባት ቀፎ!»

ለካ የከማል ቤት ንብ አናቢ ነው። እኔ አላውቅም ነበር፣ ልጁን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ደብረ ወርቅ ሱቅ አለው ብቻ ነው የሰማሁት። ማር ነው የሚሸጠው፣ ንቡን የሚያረቡት አባቱ ናቸው። እትዬ ዘይነባ ተነስተው መጡ፣ ወደ ስክሪኑ ዝቅ አሉ፣ በጣታቸው ከክፍል ክፍል እየነኩ ወደ ላይ ሄዱ።

«የእሱ እጅ ነው» አሉ። «እይው፣ ጥግ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ መርፌ ይወጋል፣ እንዳይተረተር እያለ። ስንቴ ተጣልቻዋለሁ በዚህ፣ ክር ትጨርሳለህ እያልኩ።»

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ምናልባት በፊትም ኖሮ ይሆናል እኮ፣ ስክሪኑ ስለታመመ አልታየን ይሆናል፣ ችግሩ የግራፊክስ ነበር።» ይኼን ስላቸው ራሴን ነው የማሳምነው።

«ይሆናላ» አሉኝ። «አንቺ ነሽ የምታውቂው ልጄ።» ግን ዓይናቸው ከስክሪኑ አልተነቀለም፣ ፊታቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያላየሁት ዓይነት ሆኗል፣ ባሏ ከመንገድ የመጣላት ሴት ፊት። ሐያት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፣ እየሳቀች ነው የምታለቅሰው፣ «ለማላውቀው ሰው አልነድፍም ብሎ» ትላለች፣ «ለማላውቀው ሰው ብሎ!»

የጥልፍ ማሽኑን ሰካነው፣ አገናኘሁት፣ ሥራው ያለ አንዳች እንከን ሄደ። ክር ሲቀያየር እትዬ ዘይነባ ናቸው የሚቀይሩት፣ እኔ እዚያው አደርኩ፣ ነገሩ እንዳይበላሽ ብዬ ነው የምላችሁ፣ እውነቱ ግን መሄድ አልፈለግሁም፣ ቤቱ ሞቆ ነበር፣ ሰው የሞላበት ቤት ዓይነት ሙቀት፣ ሦስት ሴቶች ብቻ ሆነን ሳለ።

ማርቆስ እንደተመለስኩ መጀመሪያ ያደረግኩት መሳቢያዬን መክፈት ነው። ያን ሁለተኛውን ቅጂ፣ ማንም ያልነካውን፣ አወጣሁት። ሁለቱ የአንድ ዲስክ ቅጂ ናቸው፣ በአንዱ ላይ ያለ በሌላው ላይ መኖር አለበት፣ ቀኙ ድሮም ተነድፎ የነበረና በስክሪን ችግር የተደበቀ ከሆነ እዚህም ይገኛል፣ እኔም ተንፍሼ እተኛለሁ። ማሽን ሠራሁለት፣ የቪዲዮ ሜሞሪውን፣ ካርዱን፣ ድራይቨሩን፣ ሁሉንም ቁይ ላይ እንዳደረግኩት አደረግኩ፣ ማፋጠኛውንም ዘጋሁ። ስክሪኑ ጥርት ብሎ መጣ። ካባው ወጣ። ግራው አለ።

ቀኙ ባዶ ነው።

እንደገና አስነሳሁት፣ ባዶ። ሌላ ላፕቶፕ ላይ ወሰድኩት፣ ባዶ። ባሌ ከኋላዬ መጥቶ «ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ ነጥቷል» ሲለኝ ማፋጠኛውን መልሼ እያበራሁ፣ ነጥብ ትመጣለች ብዬ ግራጫው ላይ አፍጥጬ ነበር። አንዲት ነጥብ አልመጣችም። በሥራዬ ብዙ ያልገባኝ ነገር አጋጥሞኛል፣ ግን ሁልጊዜ አንድ ቀን ይገባኛል ብዬ አምናለሁ፣ ይኼ ግን እንደዚያ አይደለም፣ ምክንያቱም የት ጀምሬ እንደምፈልገው እንኳ አላውቅም።

ሠርጉ ያምር ነበር። ሐያት ካባውን ለብሳ ስትወጣ የከማል አባት፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ቀኝ ጎኗን አይተው ቀረብ አሉና በሁለት ጣታቸው ጫፉን ነክተው «ይኼን ማን ነው የጠለፈው?» አሏት። «አባቴ» አለቻቸው። ሰውየው አባቷ ከሞቱ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ያውቃሉ፣ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ካባውን አስተካክለው ለቀቁት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሠርጉ ከወራት በኋላ እትዬ ዘይነባ ለአንዲት ደንበኛቸው የድሮ ንድፍ ፈልገው ጠሩኝ። ሐያትም ከደብረ ወርቅ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበር፣ ስታየኝ ዘላ ነው ያቀፈችኝ፣ ከማል የላከልኝን ማርም ሰጠችኝ። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ያንን ማሽን ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካሁትም፣ አስነሳሁት፣ ስክሪኑ ምንም ችግር የለበትም፣ ጽጌረዳው ከነጣቱ ጥላ መጣ። ፕሮግራሙን ስከፍተው ግን ካባው አይደለም የወጣው። አዲስ ሥራ ነው። መሀል ላይ አንዲት ክብ ነገር ተጀምራለች፣ የሁለት ጣት ስፋት፣ ዙሪያዋ ላይ ጥቂት ነጭ መስመር ተሰፍቷል፣ ሌላው ገና ግራጫ ነው።

እትዬ ዘይነባ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ቆብ ናት» አሉ። «የሕፃን ቆብ ጫፍ ናት። ለማን ነው ደሞ ይኼ?»

ከኋላችን አንድ ነገር ወደቀ። ዞር ስንል ሐያት ይዛው የነበረው ብርጭቆ መሬት ላይ ነው፣ እሷ ደግሞ ሻርፗን ሆዷ ላይ ሰብስባ ይዛ ቆማለች። ማርገዟን ለከማል እንኳ ገና አልነገረችውም ነበር፣ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጆሮዬ ላይ ነው የነገረችኝ፣ እሷም ያወቀችው በዚያው ሳምንት ነው። እናቷ ብርጭቆውን ቀስ ብለው ለቀሙ፣ ስብርባሪውን ጥለው ሲመለሱ ጉንጯን ሳሟት፣ ከዚያ ወደ ስክሪኑ አዩና ፈገግ አሉ።

እኔ መስኮቱን ዘጋሁት። እንዳለ አስቀምጬ ነው የዘጋሁት፣ አላጠፋሁትም፣ ማጥፋትም አልቻልኩም፣ ከዚያ ቀን ወዲህም አልከፈትኩትም። ፈርቼ አይደለም ብል እዋሻለሁ፣ ግን ጋሽ ኑሩን አይደለም የምፈራው፣ እሳቸውን ማን ይፈራል! ከፍቼው ቆቧ እዚያው የቆመች እንደሆነ ነው የምፈራው፣ ከፍቼው ያለቀች እንደሆነም እፈራለሁ፣ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። ሐያት ሆዷ ገፍቷል፣ ቀኗም እየደረሰ ነው።

እትዬ ዘይነባ በየጊዜው ይደውሉልኛል። ስለ ጤናዬ ይጠይቃሉ፣ ስለ ባሌ ይጠይቃሉ፣ ከስተሻል ይሉኛል በስልክ ጭምር፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የት ደረሰ?» ይሉኛል። «አልከፈትኩትም እትዬ» እላቸዋለሁ።

«ደግ አደረግሽ» ይሉኛል ሁልጊዜ። «ተይው፣ ኑሩ ሰው ቆሞ እያየው ሠርቶ አያውቅም።»